ለፕሌትሌት ምርመራ የሚወሰድ ደም በብርድ አገር፦ የካልሲየም ፓምፑን የማይረብሽ አያያዝ

ከመሐል ሜዳ ወይም ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን የሚላክ ደም መንገድ ላይ ብርድና መዘግየት ያገኙታል። ሁለቱም ፕሌትሌቱን፣ ማለትም አርጊ ሕዋሱን፣ ያለጊዜው ይቀሰቅሱታል ወይም ቅርጹን ያበላሹታል።

ባልተቀሰቀሰ ፕሌትሌት ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም በፕላዝማው፣ ማለትም በደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ካለው ከ10,000 እጥፍ ያላነሰ ያንሳል። ይህን ልዩነት የሚጠብቁት የሕዋሱን ኃይል፣ ኤቲፒን፣ እየበሉ የሚሠሩ ፓምፖች ናቸው። ፒኤምሲኤ የሚባለው ካልሲየምን ከሕዋሱ ያስወጣል፤ ሰርካ የሚባለው ደግሞ ወደ ውስጠኛው ማከማቻ ይመልሳል። የደም ሥር ሲቆረጥ ትሮምቢን የተባለው የመርጋት ኤንዛይምና ከደም ሥሩ ግድግዳ የሚጋለጠው ኮላጅን ማከማቻውን ያስከፍታሉ፣ ከውጭም ካልሲየም ይጎርፋል፣ ፓምፖቹም ለጊዜው ይሸነፋሉ። ያኔ ጠፍጣፋው ሕዋስ እሾህ ያወጣል፣ የያዛቸውን ቅንጣቶች ይለቃል፣ ከጎረቤቱ ይጣበቃል። ካልሲየሙ በጣም ሲያይል ፎስፋቲዲልሰሪን የተባለው ስብ ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ወደ ውጭ ይዞራል፤ የመርጋት ፋክተሮች፣ ማለትም ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች፣ የሚሰባሰቡትም በዚያ ላይ ነው። ቁስል ላይ ይህ ነፍስ ያድናል፤ ቱቦ ውስጥ ግን ውጤት ያበላሻል።

ስለዚህ ሲቀዱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ክንድ አስረው አይቆዩ፤ መርፌውንም በአንድ ጊዜ ያግኙ። ሥጋ ውስጥ የሚንከራተት መርፌ ራሱ መርጋትን ያስጀምራል። መጀመሪያ ሰማያዊ ክዳን ያለውን፣ ቀጥሎ ኤዲቲኤ ያለበትን ሐምራዊውን ይሙሉ፤ በሰማያዊው ያለው ሲትሬትም ሆነ ኤዲቲኤ ካልሲየምን ይዘው ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋሉ። ሰማያዊው 0.3 ሚሊ ሊትር ሲትሬት (3.2 በመቶ) ከያዘ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም ይፈልጋል፤ እስከ ምልክቱ መድረስ አለበት። ከጎደለ የተረፈው ሲትሬት በምርመራው የሚጨመረውን ካልሲየም ይይዘዋል፤ ጤነኛው ሰው ደሙ የማይረጋ ሆኖ ይነበባል። ሰማያዊውን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ሐምራዊውን 8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገልብጡ። መናጥ የለም።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ግን ማጓጓዙ ላይ ነው። ለክትባት የለመደ እጅ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይከተዋል፤ ይህ ለፕሌትሌት ጎጂ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ የሽፋኑ ስብ ይጠጥራል፣ ፓምፑ ይዘገያል፣ በውስጥ ያለው ካልሲየም ይጨምራል፣ ሕዋሱም ክብ ይሆናል። በኋላ ቢሞቅ እንኳ እንደ ቀድሞው አይሆንም። በመንዝ ጠዋት በረዶ በሌለው የፎም ሳጥን፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ያቆዩት። ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ሳጥኑን የመኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አይተዉት። ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ ከሚለኩት ምርመራዎች ኤፒቲቲ በ4 ሰዓት ውስጥ፣ ፒቲ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሠራ። በኤዲቲኤ የቆየ ፕሌትሌት ያብጣል፤ ኤምፒቪ፣ ማለትም የፕሌትሌቶቹ አማካይ መጠን፣ ከፍ ብሎ የሚነበበው ለዚህ ነው።

ቆጣሪው ማሽን የፕሌትሌት ቁጥር በማይክሮ ሊትር ከ150,000 በታች ካወጣ ቁጥሩን ከመላክዎ በፊት የረጋ ነገር መኖሩን በእንጨት ስቲክ ይፈትሹ፤ ከዚያ ስሚር (በመስታወት ላይ በስሱ የተቀባ ደም) ሠርተው ጫፉን በማይክሮስኮፕ ይዩ። አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል፣ ኤዲቲኤ ካልሲየሙን ሲነጥቅ፣ ፕሌትሌቶቹን ያጣብቃቸዋል፤ ብርድም ያባብሰዋል። ክምር ካዩ በሲትሬት እንደገና ይቅዱና ቁጥሩን በ1.1 ያባዙ፤ ሲትሬቱ ደሙን ስለሚያቀጥነው ነው። በሲትሬትም ከተከመረ ደሙን ወዲያው እንደተቀዳ ይቁጠሩ። እስከዚያው ድረስ በወረቀቱ ላይ «የፕሌትሌት ክምር ታይቷል» ብለው ይጻፉ፤ በሐሰተኛ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የሚዘገይባት እናት እንዳትኖር።