ስዊቿን ማን አስታወሳት? የሰርቨር ክፍል ስህተቶች ከጎንደር

ባለፈው ክረምት ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት ጠሩኝ። መብራት ሄዶ መጥቷል። ሰርቨሮቹ በርተዋል። ቨርቹዋል ማሽኖቹ (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠሩት ኮምፒውተሮች) ግን አንዱም አይሠራም። ሰርቨሩም፣ ዲስኮቹን የያዘው ሣጥን ስቶሬጁም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ናቸው። መሃል ላይ የምታገናኛቸው ስዊች ግን የተሰካችው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነበር!

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ስዊችን መርሳት። የቨርቹዋል ማሽኑ ዲስክ ያለው ከኔትወርኩ ማዶ ነው። ስዊች ጠፋ ማለት ከሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ሃርድ ዲስክ ተነቀለ ማለት ነው። ሊኑክስ የዲስክ መልስ የሚጠብቀው በተለምዶ 30 ሰከንድ ነው። ቪኤምዌር ቱልስ (ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የሚገባ አጋዥ ሶፍትዌር) ሲጫን 180 ያደርገዋል። ሦስት ደቂቃ ደግሞ ዘበኛው የጀኔሬተሩን ቁልፍ ፈልጎ እስኪያገኝ እንኳ አትበቃም።

ሁለተኛው፣ መብራት ሲመጣ ሁሉን በአንዴ ማስነሳት። ሰርቨሩ ከስቶሬጁ ከቀደመ ዲስኩን ፈልጎ ያጣል። መጀመሪያ ስዊች፣ ቀጥሎ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ሰርቨር። ሲዘጋ ተቃራኒው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። ስቶሬጁን የሚጠሩት በስሙ ነው። ስሙን ወደ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) የሚቀይረው ዲኤንኤስ ደግሞ ያለው እዚያው ስቶሬጅ ላይ በተቀመጠ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን መዝጋት በሉት። የዚያን ቀን ጠዋቱን የበላብን ይሄ ነበር። አይፒውን በቀጥታ ጻፉ፤ ወይም ሌላ ዲኤንኤስ ከስቶሬጁ ውጭ ይኑራችሁ።

«ሁለት ኬብል አለን» አሉኝ። እውነት ነው፣ አለ። ሁለቱም የተሰኩት ግን እዚያችው ስዊች ላይ ነው። አይስካዚ (ዲስክን በኔትወርክ የሚያቀርብ ዘዴ) የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለት የኔትወርክ ካርድ፣ ሁለት ስዊች፣ መልቲፓዝ (አንዱ መንገድ ሲቋረጥ በሌላው የሚያስኬድ) ያስፈልጋል። ሁለት ባለ 1 ጊጋቢት ካርድ ቦንድ ስላደረጋችሁ (እንደ አንድ ስላጣመራችሁ) አንዱ ግንኙነት 2 ጊጋቢት ያገኛል ብላችሁም አታስቡ። የስቶሬጁ ቪላንም (ስዊቹ ላይ ተለይቶ የሚከፈል ኔትወርክ) ለብቻው ይሁን፤ ሠራተኛው ቪዲዮ ከሚያወርድበት ጋር አይደባለቅ።

ኤምቲዩ (አንድ ፓኬት፣ ማለትም አንድ የዳታ ጥቅል፣ የሚይዘው ትልቁ የባይት መጠን) ላይ ግማሽ ሥራ አትሥሩ። 9000 ካላችሁ ሰርቨሩም ስዊቹም ስቶሬጁም ይቀበሉት። አለዚያ ትንሹ ፒንግ (የግንኙነት መሞከሪያ መልእክት) ያልፋል፣ ትልቁ ዳታ ይንጠለጠላል። ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አድርጋችሁ በ8972 ባይት ፒንግ ሞክሩት። እምቢ ካለ በተለመደው 1500 ላይ ተዉት። እኔ ብሆን ከመጀመሪያውም አልነካውም።

ኤንኤፍኤስን (ፋይል በኔትወርክ መጋሪያ ዘዴ) በሶፍት ማውንት፣ ማለትም መልስ ሲዘገይ ተስፋ ቆርጦ ስህተት በሚመልስ አሠራር፣ አታገናኙ። ስቶሬጁ ሲዘገይ ዳታ ሊያበላሽ ይችላል። ሃርድ ይሻላል፤ ይጠብቃል።

ስናፕሾትን (የዲስኩን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ መያዣ) ባክአፕ የሚል ሰው ደግሞ አሁንም አለ። ስናፕሾቱ እኮ ያለው እዚያው ሣጥን ውስጥ ነው። ሬይድ 6 (ዲስኮችን አጣምሮ ዳታ የሚጠብቅ አሠራር) ሁለት ዲስክ ቢሞት ያድናል። መብረቅ ሣጥኑን ካቃጠለው ግን ምንም አይፈይድም፤ የጎንደርን ሐምሌ ታውቁታላችሁ። ቅጂው ሌላ ሕንፃ ይቀመጥ፤ አዘዞ ቅርንጫፍ ካላችሁ እዚያ። በወር አንዴ ደግሞ አንድ ማሽን ከቅጂው አስነሡ። እነዚያ ሰዎች ባክአፕ ነበራቸው። ስንከፍተው የመጨረሻው ፋይል የጥምቀት ሰሞን ነበር።