የጥርስ ኢምፕላንት ስታስተክሉ ድዳችሁን እንዴት ትጠብቃላችሁ?

ኢምፕላንት፣ ማለትም በጠፋ ጥርስ ቦታ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለማስተከል የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል። ቀጥሎ «ያማል እንዴ?» ይላል። «ድዴስ?» የሚል ግን ብዙም አያጋጥምም። ከዓመታት በኋላ ኢምፕላንትን የሚያስነቅለው ግን ብዙ ጊዜ የድዱ መታመም ነው፤ ድዱ ይቆጣል፣ ቁጣው ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ አጥንቱ ቀስ እያለ ያልቃል። ይሄ ከጽዳት ጋር ብቻ ሳይሆን ከኢምፕላንቱ ቅርፅም ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ገና ሳይተከል መጠየቅ ያለባችሁ ነገር አለ።

1. ምን እንደሚተከልላችሁ እወቁ

ነገሩ ሦስት ክፍል ነው። አጥንት ውስጥ የሚገባው የታይታኒየም ብሎን አለ፣ ድዱን አልፎ የሚወጣው አባትመንት የሚባል ማገናኛ አለ፣ ከላይ ደግሞ ጥርስ የሚመስለው ክራውን ይቀመጣል። አጥንት ታይታኒየምን ጥብቅ አድርጎ እንደሚይዝ ያስተዋለው ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥንቸል አጥንት ውስጥ የታይታኒየም ዕቃ አስገብቶ ሲያጠና ቆየና ላውጣው ቢል እምቢ አለው። በ1965 እ.ኤ.አ. ሰው ላይ ተከለው።

አጥንቱ እንዲህ ይያዝ እንጂ ድዱ እንደዚያ አይያዝም። በተፈጥሮ ጥርስ ላይ የድዱ ክሮች ሥሩ ውስጥ ገብተው ይሰካሉ። ኢምፕላንት ላይ ግን ክሮቹ ዙሪያውን ያቅፉታል እንጂ አይሰኩበትም፤ የሸሚዝ ኮሌታ አንገትን እንደሚይዝ ማለት ነው። የሚደርሰው ደምም ያነሰ ነው። ጀርም በድዱና በኢምፕላንቱ መሃል ከገባ ወደ ታች ለመውረድ ብዙ አይቸገርም።

2. መጀመሪያ ያላችሁን ድድ አሳክሙ

ስትቦርሹ የሚደማ ድድ ካላችሁ ኢምፕላንቱ ይቆይ። በድድ በሽታ ጥርሱ የወለቀበት ሰው፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ የኢምፕላንት ድድ በሽታ በቀላሉ ያገኛቸዋል። አይተከልላችሁም ማለት አይደለም፣ ግን ሐኪሙ ሳያውቅ መጀመር የለበትም። የሚደማ ድድ እያየ «ዛሬውኑ እንትከል» የሚል ካጋጠማችሁ፣ አመስግናችሁ ውጡ።

ሌላው የድዱ ውፍረት ነው። ከአጥንቱ በላይ ያለው ድድ ከ2 ሚሊሜትር ካነሰ፣ ሰውነት ለድዱ ቦታ ለማግኘት ሲል አጥንቱን ዝቅ ያደርጋል። ከላንቃ ወይም ከሌላ ቦታ ድድ ተወስዶ ማወፈር ስለሚቻል «የኔ ውፍረቱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በኢምፕላንቱ ዙሪያ ጠንካራ፣ ሲነካ የማይንቀሳቀስ ድድ መኖሩንም ጠይቁ። ልል ድድ ብቻ ከሆነ ብሩሽ ሲነካው ያማል፤ የሚያም ቦታ ደግሞ ማንም ደህና አድርጎ አይቦርሽም።

3. ስለ ቅርፁ ጠይቁ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ፤ ከተተከለ በኋላ ለመቀየር የሚያስቸግረው ይሄ ነው።

መጀመሪያ መጋጠሚያውን። ብሎኑና ማገናኛው የሚገናኙበት ቦታ ላይ በዓይን የማይታይ ክፍተት አለ፣ ጀርም ይወደዋል። አንዳንድ ኢምፕላንቶች ለስላሳ አንገት ስላላቸው መጋጠሚያው ከአጥንቱ ከፍ ብሎ ድዱ አካባቢ ይሆናል። ሌሎቹ እስከ አጥንቱ ጫፍ ድረስ ይቀበራሉ፣ የፊት ጥርስ ላይ ለውበት ይመረጣሉ፣ ግን መጋጠሚያው አጥንቱ አጠገብ ይሆናል። ለዚህ መፍትሔው ማገናኛውን ከብሎኑ ይልቅ ጠባብ ማድረግ ነው፤ ክፍተቱ ከአጥንቱ ጠርዝ ወደ መሃል ይሸሻል። ይሄ የተገኘው እንደ አጋጣሚ ነው። ሰፋ ያለ ኢምፕላንት ሲወጣ በልኩ የተሠራ ማገናኛ ስላልነበረ ሐኪሞች ጠባቡን ገጠሙበት፣ በኋላ ራጅ ሲያዩ አጥንቱ ከተጠበቀው በታች ነው የቀነሰው። ማገናኛው ሾጠጥ ብሎ ውስጥ ገብቶ የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ ክፍተቱም እንቅስቃሴውም ይቀንሳል።

ቀጥሎ ክራውኑን። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም በላይ የሚረሳው ይሄ ነው። ከድዱ ሲወጣ ወዲያው ወደ ጎን የሚሰፋ ክራውን ከስሩ ምግብና ቆሻሻ ይይዛል፣ ብሩሽም አይደርስም። ማዕዘኑ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ በሽታው እንደሚበዛ በጥናት ታይቷል። እናንተ ማዕዘን መለካት አይጠበቅባችሁም። ክራውኑ ለሙከራ ሲገጠም፣ ገና ሳይጠብቅ፣ መስታወት ጠይቁና ትንሿን የጥርስ መሃል ብሩሽ በሁለቱም ጎን ራሳችሁ አስገቡ። ካልገባች «ይስተካከልልኝ» በሉ። ያኔ ላብራቶሪ ይመለሳል፤ ከጠበቀ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ክራውኑ የሚያዘው በማጣበቂያ ነው ወይስ በብሎን? ማጣበቂያ ሲጫን ተርፎ ድዱ ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ የቀረው ደግሞ ድዱን እያስቆጣ ይኖራል። በብሎን የሚያዘው ይህ ችግር የለበትም፣ ሲበላሽም ይፈታል። ላዩ ላይ በጥርስ ሙሌት የተደፈነች ትንሽ ቀዳዳ ካለች በብሎን የተያዘ ነው። ከተቻለ እሱን ምረጡ። በማጣበቂያ ከሆነ ግን ጠርዙ ከድዱ ብዙ እንዳይጠልቅና ከተጣበቀ በኋላ ራጅ እንዲነሳ ጠይቁ።

ርቀትም አለ። ኢምፕላንቱ ከጎኑ ካለው ጥርስ ቢያንስ 1.5 ሚሊሜትር፣ ከሌላ ኢምፕላንት ደግሞ 3 ሚሊሜትር ያህል ይራቅ። ሲጠጋጉ በመሃል ያለው አጥንት ይቀንሳል፣ ድዱም አብሮ ይወርዳል።

4. ካርዱን ተቀበሉ

የኢምፕላንቱ ዓይነት፣ ስፋት፣ ርዝመትና መለያ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ጠይቁ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ኢስታንቡል ወይም አዲስ አበባ አስተክላችሁ ኑሯችሁ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ከሆነ በተለይ። ብሎኑ ቢላላ የሚፈታው በራሱ መፍቻ ነው፤ ዓይነቱ ካልታወቀ ሐኪሙ በግምት ይገባል።

5. በየቀኑ አጽዱት

ለስላሳ ብሩሽ ያዙና ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብላችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ቀን ሁለት ጊዜ ቦርሹ። ማታ ማታ የመሃሏን ብሩሽ ጨምሩ፤ ሽቦዋ በፕላስቲክ የተሸፈነውን ግዙ፣ ባዶ ሽቦ ታይታኒየሙን ይጭራል። ብዙ ኢምፕላንት ላይ ያረፈ ድልድይ ካላችሁ ወፈር ያለ የጥርስ ክር በስሩ አሳልፋችሁ ወዲያ ወዲህ ሳቡት።

ስቴኪኒ ተዉት። ተሰብሮ ድዱ ውስጥ ይቀራል። መፋቂያ የለመዳችሁ ሌሎቹን ጥርሶች ፋቁበት፣ ኢምፕላንቱ አካባቢ ግን ደረቅ እንጨት ድዱን ያቆስላል። ቆሎና አጥንት ላይም ጠንቀቅ ነው፤ ኢምፕላንት እንደ ጥርስ «በቃ፣ ጠንካራ ነው» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ስሜት የለውም።

6. ህመም አትጠብቁ

ክራውኑ ሲገጠም ራጅ ተነስቶ ይቀመጥ፤ ወደፊት የሚነጻጸረው ከሱ ጋር ነው። ከዚያ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየሄዳችሁ ድዱ በቀጭን መለኪያ ቀስ ተብሎ ይለካ። «ኢምፕላንት አይነካም» የሚል ካለ አትስሙት፣ ሳይለካ አይታወቅም።

ድዱ ቀልቶ ሲነካ ብቻ ከደማና አጥንቱ ከቦታው ካልወረደ፣ ይህ ሙኮሳይቲስ ነው። በጽዳት ይመለሳል። መግል፣ መጥፎ ጠረን፣ የሚሸሽ ድድ ካለ ግን ሳትዘገዩ ሂዱ። የድሮ ራጅ በሌለበት፣ እየደማ መለኪያው ድዱ ውስጥ 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከጠለቀ፣ አጥንቱም 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ ፔሪ-ኢምፕላንታይቲስ፣ ማለትም አጥንቱን የሚጨርሰው በሽታ፣ ተብሎ ይያዛል። ይሄኛው በቤት ጽዳት ብቻ አይድንም፣ የጠፋውም አጥንት በራሱ አይመለስም። ብዙ ጊዜ ደግሞ አያምም፤ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ጥርሱ ከተነቃነቀ ወዲያው አትደንግጡ። የላላው የላዩ ብሎን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ማጥበቅ ይቻላል። አጥንቱ ውስጥ ያለው ራሱ ከተነቃነቀ ግን ይነቀላል እንጂ አይጠገንም። የቱ እንደሆነ በቤት አይለይምና እስክትታዩ በዚያ በኩል አታኝኩ።