«ተፈጥሯዊ ነው» የተባለ መድኃኒት ከመግዛት በፊት እንዴት ማጣራት ይቻላል?

አክስቴ ባለፈው ዓመት ጾም መግቢያ ላይ አንድ ብልቃጥ ገዛች። እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ደርሳ ስትመለስ፣ መኪና ላይ የተጫነ ሞንታርቦ ስለ ቁርጥማት ሲናገር ሰምታ ቆመች። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ከአዘዞ ፒያሳ በባጃጅ መጥታ እንኳ ስትወርድ ሰው ይደግፋታል። «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም» አሏት። 2,400 ብር ቆጥራ ሰጠች።

ሳምንት ሳይሞላ ሕመሙ ብን ብሎ ጠፋ። ሁላችንም ደስ አለን። ጎረቤቶቿም መግዛት ጀመሩ። በሁለተኛው ወር ግን ፊቷ አበጠ። ሰዉ «ተመቸሽ መሰል» ይላታል። ቀጥሎ ውኃ ጥም መጣ። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች። ሐኪም ቤት ስትለካ ስኳሯ ከ300 በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ብልቃጡን አገላብጦ አየውና «ስቴሮይድ የሚባል የፋብሪካ መድኃኒት የተቀላቀለበት ይመስለኛል» አለን።

እኔ የአገር መድኃኒት ጠላት አይደለሁም። ጓሯችን ዳማ ከሴ አለ። ምች ሲመታኝ እናቴ በእጇ አሽታ፣ ጨምቃ ነው ያሳደገችኝ። ግን እናቴ ዳማ ከሴውን አልሸጠችልኝም። ስኳርና ደም ግፊትም ያድናል ብላ አታውቅም። እዚህ የምናገረው በሞንታርቦ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ሌት ተቀን ስለሚወራለት፣ ዋጋው ስለሚከብደውና ሁሉን እፈውሳለሁ ስለሚለው ነገር ነው። እሱን ከመግዛታችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ።

1. የተባለውን ጻፉት፣ ሦስት ቀንም አሳድሩት

ሻጩ የተናገረውን በራሱ አነጋገር ወረቀት ላይ አስፍሩ። የትኛውን በሽታ ያድናል አለ? በስንት ቀን? ስንት ብልቃጥ ያስፈልጋል? ዝርዝሩ ከስኳር ተነስቶ ኪንታሮት፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ስንፈተ ወሲብና ካንሰር ላይ ከደረሰ፣ እኔ እዚያው ላይ አቆማለሁ። የእነዚህ በሽታዎች መነሻ የተለያየ ነው። አንድ እንክብል ሁሉንም የሚደርስበት መንገድ የለም።

«ቅናሹ ዛሬ ብቻ ነው» ካሏችሁ ሦስት ቀኑ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። ለዓመታት አብሯችሁ የኖረ ቁርጥማት ሦስት ቀን ይታገሳል።

2. ብልቃጡን አዙሩና አንብቡት

በውስጡ ያሉት ነገሮች ስም በዝርዝር መኖር አለበት። እያንዳንዱ ስንት ሚሊግራም እንደሆነም እንዲሁ። አምራቹ ማን ነው? የት ነው ያለው? የምርት መለያ ቁጥሩ፣ የተመረተበትና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ተጽፏል? «ከ12 ዓይነት ቅጠሎች የተቀመመ» ብቻ ብሎ መጠኑን የሚደብቅ ጽሑፍ ምንም አልነገራችሁም። መጠኑን ሳያውቁ መድኃኒት መውሰድ ሚዛኑን ሳያዩ በርበሬ እንደመግዛት ነው። ለዚያውም በርበሬው ሲበዛ ምላስ ብቻ ነው የሚያቃጥለው።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለበት። እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ያንብብላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላል፤ ይህን አባባል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) አልመረመረውም፤ ምርቱ ማንኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስ ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም። ይህን እንዲጽፉ የሚያስገድዳቸው እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ሰፕሊመንት (የምግብ ማሟያ ተብሎ የሚሸጥ እንክብል ወይም ዱቄት) ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይሠራል አይሠራም ብሎ የሚያጸድቀው የለም። እንግዲህ ሻጩ ያድናል ሲል ብልቃጡ ራሱ አላድንም እያለ ነው። «በኤፍዲኤ የጸደቀ ሰፕሊመንት» የሚላችሁ ሰውም እውነቱን አልነገራችሁም። ኤፍዲኤ ሰፕሊመንት አያጸድቅም።

3. የሚያውቅ ሰው ጠይቁ

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ሳይመዘገብ ለገበያ አይቀርብም። መዝጋቢው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በነፃ የስልክ መስመሩ 8482 ደውላችሁ የምርቱን ስም ንገሯቸውና ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ «ንግድ ፈቃድ አለን» ካለ ያ ሌላ ነገር ነው። ንግድ ፈቃድ መነገድ እንደሚችል እንጂ የሚሸጠው ነገር እንደሚያድን አይናገርም።

ጎንደር ደግሞ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲሰለጥንባት ኖሯል። ዛሬም ዩኒቨርሲቲው ፋርማሲስት ያስተምራል። ሰፈራችሁ ያለው መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ ብልቃጡን ወይም ፎቶውን አሳዩ። የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒትም ንገሩ። ሁለት ደቂቃ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

4. ምስክርነትን በጥንቃቄ ስሙ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ብዙዎቻችን የምንያዘው በዚህ ነው። ቪዲዮ ላይ አንዲት እናት እንባ እየተናነቃቸው «እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ሄድኩ» ይላሉ። እናትዬዋ ላይዋሹ ይችላሉ። ግን ከእሳቸው ታሪክ ውስጥ መድኃኒቱ የሠራውን ለብቻው መለየት አይቻልም።

ምክንያቱም አንደኛ፣ ቁርጥማት ይነሳል ይተኛል። ሰው 2,400 ብር የሚያወጣው ሕመሙ በጣም በከበደበት ሳምንት ነው። ከዚያ ሳምንት በኋላ ምንም ባይወስድም ቀለል ማለቱ የተለመደ ነው። ጉንፋንም አንድ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ይዞን ይለቀናል። በአምስተኛው ቀን የጠጣነው ነገር ሁሉ ያዳነን ይመስለናል። ሁለተኛ፣ አሥር ሰው ገዝቶ ሁለቱ ቢሻላቸው ማይክ የሚሰጣቸው ሁለቱ ናቸው። ስምንቱ ገንዘባቸውን አዝነው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ሦስተኛ፣ ተስፋ ራሱ ሕመም ያቀልላል። ተመራማሪዎች ለግማሾቹ ሕመምተኞች እውነተኛውን፣ ለግማሾቹ ደግሞ መልኩ አንድ ሆኖ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን የሚሰጡት ለዚህ ነው። ልዩነቱ የሚታየው እንዲያ ሲሆን ብቻ ነው።

ስለዚህ ምስክር ስታገኙ እነዚህን ጠይቁ። ሌላ ምን እየወሰዱ ነበር? ሐኪም ምን ብሏቸው ነበር? መሻሉን የለኩት በምንድን ነው? ከስድስት ወር በኋላስ እንዴት ሆኑ? አክስቴን በሁለተኛው ሳምንት ብትጠይቋት ኖሮ ከማንም የተሻለች ምስክር ነበረች።

5. «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን አትቀበሉ

ኮሶ ተፈጥሯዊ ነው። አያቶቻችን ለኮሶ ትል ጠጥተውት ሠርቷል። መጠኑ ሲያልፍ ግን የዓይን ብርሃን እስከመጉዳት ይደርሳል። ጤና አዳም ቡና ውስጥ ጣል ሲደረግ ጣዕም ነው። ነፍሰ ጡር በብዛት ጨምቃ ብትጠጣው ግን ፅንሱን ሊያስወርዳት ይችላል።

እንዶድም እንዲሁ። ጋቢና ነጠላ ሲታጠብበት ኖሯል። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ናቸው። አክሊሉ ያየውን ይዞ ገበያ አልወጣም። ከዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓመታት የፈጀ ምርምር አካሄደ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። ለዕፅዋታችን እንዲህ ያለ ክብር ነው የሚገባው። አንድ ቅጠል ቀንድ አውጣ የሚገድል ኃይል ካለው፣ የሰው አካል ውስጥም የሚሠራው ሥራ እንዳለው ማሰብ ነው።

የውጭውም አገር ተሞክሮ ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅዋት የተሰጣቸው ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ። አንዱ ተክል በሌላ ተተክቶ ነበር። የተተካው አሪስቶሎክያ የሚባል ተክል ነው፤ ኩላሊትን ያበላሻል፣ ካንሰርም ያመጣል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ድብቁ ነው። የዕፅዋት ብቻ ነው ተብሎ በተሸጠ ነገር ውስጥ የፋብሪካ መድኃኒት ተደብቆ በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ተገኝቷል። የወንዶች «ኃይል ሰጪ» በሚባለው ውስጥ የቫያግራው ሲልዴናፊል ይገኛል። የልብ ሕመምተኛ ናይትሬት ከሚባለው መድኃኒቱ ጋር ቢወስደው ደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። በክብደት መቀነሻው ውስጥ ሲቡትራሚን ይገኛል። ይህ መድኃኒት ልብና የደም ሥርን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓና በአሜሪካ ከገበያ ወጥቷል። በቁርጥማት መድኃኒቱ ውስጥ ደግሞ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ይገኛል። ስቴሮይድ ሕመምን በቀናት ያጠፋል፤ ፊት ያሳብጣል፤ ስኳር ይጨምራል። አንድ «ቅጠል» ለዓመታት የቆየ ሕመምን በሦስት ቀን ካጠፋ፣ ጥርጣሬያችሁ መጀመር ያለበት ያኔ ነው።

6. ሻጩ ከምን እንደሚጠቀም እወቁ

«አባል ሁኚ፣ ሥርሽ አምስት ሰው አስገቢ፣ መድኃኒቱን በነፃ ትወስጃለሽ» የሚል ነገር ከመጣ ገንዘቡ ያለው ሰው ማስገባት ላይ ነው። የነገራችሁ ዘመድ ቢሆንም ያው ነው። ዘመዳችሁ ክፉ አይደለም። ገንዘቡን መልሶ ማግኘት ያለበት ሰው ነው።

7. እንውሰደው ካላችሁ እየለካችሁ ውሰዱ

የተመዘገበ ነው፣ ፋርማሲስቱም አልከለከላችሁም እንበል። ደብተር አውጡ። ከመጀመራችሁ በፊት ተለኩ። ለስኳር ከሆነ ጠዋት በባዶ ሆድ ተለኩ፤ 126 እና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ከታየ ስኳር ነው። ለደም ግፊት ከሆነ 140/90 ላይ ዓይናችሁ ይሁን። ከአንድ በላይ አዲስ ነገር አብራችሁ አትጀምሩ። ማቆሚያውንም ቀድማችሁ ወስኑ፤ ለምሳሌ «በአራት ሳምንት ቁጥሩ ካልተለወጠ አቆማለሁ» በሉ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ወይም ኦፕራሲዮን ያለባችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ የግድ ንገሩ። የነጭ ሽንኩርት እንክብል እንኳ ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል።

ሐኪም ያዘዘውን ግን ለዚህ ብላችሁ አታቁሙ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በብዛት ስድስት ወር ይወሰዳል። መሃል ላይ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒት ተላምዶ ሊመለስ ይችላል። ኢንሱሊን ያቋረጠ ሰው በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። «የእኛን ከጀመርክ የሆስፒታሉን ጣለው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ሂዱ።

8. ለታላላቆች በአክብሮት ንገሩ

እኔ አክስቴን መጀመሪያ የተናገርኳት በቁጣ ነበር። ብልቃጡን ደብቃ መዋጥ ቀጠለች። የገዛችው ስለታመመች ነው፤ ሞኝ ስለሆነች አይደለም። በኋላ ቡና ላይ ቀስ ብዬ «አክስቴ፣ ይህን ፋርማሲ ወስደን አብረን እናሳየው?» ስላት ራሷ አውጥታ ሰጠችኝ። እናንተም «አትውሰጂ» ከማለት በፊት «እስቲ አብረን እንጠይቅ» በሉ። ጉልበቷም ሌላ ሕክምና ያስፈልገው ነበር። ሕመሙ መልስ ካላገኘ ሌላ ብልቃጥ ይገዛል።

9. ጉዳት ከደረሰ ብልቃጡን አስቀምጡ

ፊት ካበጠ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ልብ ከደለቀ፣ ምርቱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ለወራት የወሰዳችሁትና ስቴሮይድ ይኖርበታል ብላችሁ የጠረጠራችሁት ከሆነ ራሳችሁ በድንገት አታቁሙት፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስወጣችሁ። ሰውነት ስቴሮይድን ከለመደ በኋላ በድንገት ሲቋረጥበት ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ የቀሩትን እንክብሎች ከነብልቃጡ በፌስታል አሥራችሁ አስቀምጡ። ደረሰኝ ካለ ያዙ። የምርት መለያ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። 8482 ደውላችሁም የት፣ መቼ፣ ከማን እንደገዛችሁ አመልክቱ።

እኛ ይህን አላደረግንም። ከሐኪም ቤት የተመለስን ዕለት በንዴት ብልቃጡን ከነእንክብሉ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ደረሰኝም አልነበረንም። ሐኪሙ የጠረጠረውን የሚመረምር ሰው ቢገኝ እንኳ የምንሰጠው ነገር አልቀረም። ከጥቂት ወራት በኋላ አራዳ ሳልፍ ያው ሞንታርቦ ያንኑ ቃል ሲናገር ሰማሁ። ዙሪያው ሰው ቆሞ ነበር።