ካውንቲና የዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን አብረው ሲያስተምሩ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አሜሪካ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ በካውንቲያችሁ የዩኒቨርሲቲ ቢሮ እንዳለ ላታውቁ ትችላላችሁ። ኤክስቴንሽን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1914 በወጣው የስሚዝ ሌቨር ሕግ የተቋቋመ ነው። ገንዘቡን የፌዴራል መንግሥት፣ ግዛቱና ካውንቲው ይጋራሉ። አስተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ናቸው፤ ቢሮውን ደግሞ ብዙ ቦታ ካውንቲው ይሰጣል። የአትክልት፣ የምግብ፣ የቤት በጀት ትምህርት አለ። ለልጆች ፎር-ኤች የሚባል የወጣቶች ፕሮግራም አለ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በእነዚህ ቢሮዎችና በእኛ ሰዎች መካከል ስሠራ ቆይቻለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ያንኑ ስህተት ደግሞ ደጋግሞ ማየት ሰልችቶኛል።

ትምህርቱን ጨርሶ ሰው መጥራት። ይሄኛው ያናድደኛል። ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን አዘጋጅቶ ያመጣል። ካውንቲው አዳራሽ ይሰጣል። በራሪ ወረቀቱ ወደ አማርኛ ይተረጎማል። ከዚያ «ሰው ለምን አልመጣም?» ይባላል። አንድ ጊዜ የጤናማ ምግብ ሥልጠና በዐቢይ ጾም መሐል ተጠራ። የዕለቱ ምግብ በእንቁላልና በቺዝ የሚሠራ ነበር። እናቶቹ በትሕትና አዳመጡ፤ አንዷም አልቀመሰችም። አስተማሪዋ ምግቡን ያልወደዱት መሰላት። በሚቀጥለው ሳምንት ግማሾቹ ቀሩ።

ስለ ጾም የሚነግራት ሰው ጠፍቶ አይደለም። ቀድሞ የጠየቀ አልነበረም። የሽሮና የምስር ወጥ ዘይትና ጨው ቀንሶ መሥራት ብታስተምር ኖሮ ያ ክፍል ይሞላ ነበር። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ማን ይመጣል? አባት ኡበር እየነዳ ነው፤ እናት ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ተኝታለች። መፍትሔው ደግሞ እዚያው ኤክስቴንሽን ውስጥ አለ። ኢኤፍኔፕ የሚባለው የኤክስቴንሽን የምግብ ትምህርት ፕሮግራም ከ1969 ጀምሮ አስተማሪ የሚቀጥረው ከሚያስተምረው ማኅበረሰብ ነው። ይህን እያወቁ በበራሪ ወረቀት ብቻ ሰው ይመጣል ብሎ መጠበቅ አይገባኝም።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ። በፍጹም። እናት ስለ ስኳር በሽታዋ ወይም ስለ ዕዳዋ በአሥር ዓመት ልጇ አፍ አትጠይቅም።

ካውንቲው ከፈረመ ትምህርት ቤቱም ይከፈታል ብሎ ማሰብ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ ይመድባል እንጂ አያስተዳድራቸውም። የሚያስተዳድረው የትምህርት ቦርዱ ነው። ሲያትል ያለበት ኪንግ ካውንቲ ውስጥ ደግሞ የትምህርት ዲስትሪክቶቹ ከካውንቲው ፈጽሞ የተለዩ ናቸው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጥ አንድ የፎር-ኤች ፕሮግራም ገንዘቡም አስተማሪውም ተዘጋጅቶ፣ ክፍል የሚፈቅድ ጠፍቶ ሲቀር አይቻለሁ። ቦርዱን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ጥሩት።

ፎር-ኤች ካነሳን አይቀር፣ የበጎ ፈቃደኞች የኋላ ታሪክ ምርመራ ጊዜ ይወስዳል። ልጆቹ ከተመዘገቡ በኋላ አትጀምሩት።

በጀት ካለቀ በኋላ መጠየቅ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ያሉ ካውንቲዎች የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። ክርክሩ ያለው በፀደይ ነው። ኦገስት ላይ የሚመጣ ሐሳብ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ለከርሞ ይባላል። ምክር ቤት ፊት ስትቀርቡም «ይህን ያህል ሰው አሠለጠንን» ብቻ አትበሉ። ቁጥሩን ሁሉም ያቀርበዋል። የሕዝብ አስተያየት በሚሰማበት ቀን ከሠልጣኞቹ አንዷ በአስተርጓሚ ትናገር። ምን እንደተማረች፣ ቤቷ ውስጥ ምን እንደተለወጠ ትንገራቸው።

የአንዱ ገንዘብ ሲቆም ማን እንደሚሸከም አለመጻፍ። የስናፕ-ኤድ፣ ማለትም የምግብ እርዳታ (ፉድ ስታምፕ) ለሚያገኙ ቤተሰቦች የሚሰጠው የምግብ ትምህርት፣ ነገር ሁላችንንም ጎድቶናል። በ2025 በወጣው ሕግ የፌዴራል ገንዘቡ ቆመ። በየቦታው የምግብ ትምህርት የሚሰጡ ሰዎች ሥራቸውን አጡ። እኔ ባለሁበት አካባቢ ካውንቲው «የዩኒቨርሲቲው ፕሮግራም ነው» አለ፤ ዩኒቨርሲቲው «ገንዘቡ የፌዴራል ነው» አለ። ሁለቱም እውነት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ የነበሩት ቤተሰቦች ግን በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። በመግባቢያ ሰነዱ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ አንዱ ድርሻ ሲቀር ትምህርቱ ለስንት ወር፣ በማን ወጪ ይቀጥላል?

ለእኛ ማኅበራት ደግሞ፦ እስኪጠሩን መጠበቅ። ኤክስቴንሽን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አገር ቤት የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኦክላሆማ ኮሌጅ እገዛ፣ በዚሁ በአሜሪካው አምሳል ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የኤክስቴንሽን ሥራው ከኮሌጁ ወጥቶ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሄደ። እዚህ አሜሪካ ግን አሁንም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ነው፤ የምንከፍለው ግብርም ይደርሰዋል። ስለዚህ እንደ እንግዳ በሩ ላይ አትቁሙ። ብዙዎቹ ቢሮዎች ነዋሪዎች የሚቀመጡበት አማካሪ ኮሚቴ አላቸው። ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኮሚቴው ውስጥ ክፍት ቦታ አለ ወይ? የሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ዕቅድ የሚወጣውስ መቼ ነው?