የኤቢኤስ መብራት አልጠፋ ሲል፦ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት

ፊውዙን፣ ባትሪውንና የአየር ግፊቱን አይታችኋል ብዬ ልለፍ። የማወራው በአየር ፍሬን ስለሚሠሩት፣ ባለ 24 ቮልት አገር አቋራጭ አውቶቡሶች ነው። ኤቢኤስ ማለት ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚቆጣጠረው ሲስተም ነው።

ምልክት፦ ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ በርቶ ይጠፋል፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ይበራል

ይሄ ጋራዥ ከሚመጣው አብዛኛው ነው። ሽቦው አልተቆረጠም፣ ኮምፒውተሩም ደህና ነው። ከአንዱ ጎማ የፍጥነት ምልክት አልደረሰውም ማለት ነው። ሁሉም ሰው ታዲያ ሴንሰር ሊገዛ ይሮጣል። ቆይ!

ሴንሰሩ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ነው። ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት እምብርት) ጋር የሚዞረው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ 100 ጥርስ አለው። እያንዳንዱ ጥርስ ሲያልፍ ሴንሰሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሴንሰሩ በብሎን አልታሰረም፤ ስፕሪንግ ያለው ቡሺንግ (ቀጭን የብረት እጅጌ) ጨምቆ ይዞታል። ኩሽኔታው ከላላ ጎማው በየኩርባው ይወዛወዛል፣ ቀለበቱም ሴንሰሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ክፍተቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ምልክቱ ይደክማል።

በደሴ መስመር የሚሠራ አንድ አውቶቡስ ነበር። ባለቤቱ ለቀኝ የፊት ጎማ ሴንሰር ሲገዛ ነው የከረመው። በተቀየረ ቁጥር ጥቂት ቀን ሰላም ነው። ጣርማ በርን ሲመላለስ መብራቱ ከተፍ ይላል። «ፎርጅድ ሸጠውልኝ ነው» እያለ ሻጩን ይራገማል። ጎማውን አንስተን ከሥሩ ብረት አስገብተን ወደ ላይ ስናነሳው ሞዞው ቀጭ ቀጭ ይላል። ፍሬን አስረግጠን ስንደግመው ጸጥ አለ። ፍሬን ሲረገጥ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ኪንግ ፒኑን፣ ማለትም የፊት ጎማው መሪ ሲዞር የሚታጠፍበትን ፒን፣ እዩ። አሮጌዎቹን ሴንሰሮች ስንለካቸው አብዛኞቹ ጤነኛ ነበሩ። ያ ሁሉ ብር ለኩሽኔታ ማስተካከያ በበቃ ነበር።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ይሠራ። መጀመሪያ ኩሽኔታው ይስተካከል። ከዚያ የቀለበቱን ጥርሶች ከግራሶና ከብረት ብናኝ አጽዱ፤ የተሰበረ ጥርስ ካለ ቀለበቱ ይቀየር። በመጨረሻ ሴንሰሩን ቀለበቱን እስኪነካ በአውራ ጣት ግፉት። በቃ። ጎማው ሲዞር ቀለበቱ ራሱ በልኩ ይመልሰዋል። በመዶሻ አትምቱ! በካቻቢቴም አትጎርጉሩት። በጣት ግፊት ያለ ምንም ጭንቀት ከገባ ቡሺንጉ ላልቷል፣ ቀይሩት። አንዳንዱ የሲጋራ ወረቀት አጥፎ ይጠቀጥቃል፣ ሌላው በሙጫ ይለጥፋል። የተለጠፈ ሴንሰር ማፈግፈጊያ ስለሌለው ቀለበቱ አፉን ይበላዋል።

ለመለካት ሶኬቱን ንቀሉና በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ኦም እዩ። በብዙዎቹ 1,100 እና 1,250 መካከል ነው። ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት ቀይራችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩ፤ በሁለት ሰከንድ አንድ ዙር ይበቃል። 0.2 ቮልት ካልሞላ ክፍተቱ ሰፍቷል። ግራና ቀኙን ማወዳደር አትርሱ። የኋላ ጎማ ለማዞር የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ ስላለበት ሌሎቹ ጎማዎች ታኮ ይግባላቸው። በክሪክ ብቻ በቆመ አውቶቡስ ሥር የሚገባ ሰው ከእኔ ጋር አይሠራም።

ጨርሳችሁም መብራቱ ላይጠፋ ይችላል። አትደንግጡ። የሴንሰር ብልሽት ከተመዘገበ የሚጠፋው በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ ነው።

ምልክት፦ ደረቅ አስፋልት ላይ ሊቆም ሲል ፍሬኑ ይለቃል

ሾፌሩ «ፍሬኑ ከዳኝ» ይላል። ፍሬን ሸራ ይቀየራል፣ ለውጥ የለም። ምክንያቱ ያው ክፍተት ነው። ፍጥነት ሲቀንስ የሴንሰሩ ምልክትም ስለሚደክም ኮምፒውተሩ ጎማው የተቆለፈ ይመስለዋል። አየሩን ያስለቅቃል፣ አውቶቡሱም ከፊቱ ወዳለው መኪና ይንሸራተታል። በዚህ ጊዜ መብራቱ ላይበራ ይችላል።

ኤቢኤስ ሲሠራ ሪታርደሩንም (የፍሬን ሸራ ሳይነካ አውቶቡሱን የሚያዘገየውን ረዳት ፍሬን) ያቋርጣል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ የላላ ሴንሰር ተሳስቶ ሪታርደሩን ቢያስለቅቅ ሸክሙ ሁሉ ታምቡሩ ላይ ይወድቃል። መብራቱን በጥቁር ናስትሮ ሸፍኖ በረሃ የሚወርድ ሾፌር ግን አሁንም አለ። ተሳፋሪው ይህን ቢያይ በመስኮት ይወርድ ነበር።

የቀሩት

ፍሬን ሲረገጥ ከአንድ ጎማ አካባቢ አየር ከተነፈሰ የሞዱሌተሩ (በኤቢኤስ ትዕዛዝ የፍሬኑን አየር የሚለቀው ቫልቭ) ጎሚኒ ተቀዷል። ዘይትና ውሃ ነው የሚበላው፤ የአየር ማድረቂያውን ፊልትሮ ቀይሩ።

የኤኤስአር (ነዳጅ ሲሰጥ ጎማ በባዶ እንዳይሽከረከር የሚከለክለው) መብራት ጭቃ ላይ ቢርገበገብ ሥራው ነው። በደረቅ መንገድ ጉልበት ከቀነሰ የፊትና የኋላ ጎማዎችን የመጠን ቁጥር አስተያዩ።

መሪው ከተፈታ ወይም አላይመንት ከተሠራ በኋላ የኢኤስፒ (አውቶቡሱ ከመስመሩ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው) መብራት ከበራ የመሪ አንግል ሴንሰሩ በኮምፒውተር ዜሮ ይደረግ።

ብየዳ ካለ የኤቢኤስ ኮምፒውተሩ ሶኬት ቀድሞ ይነቀል።