ሄልሜት የሚንጥ ንፋስ

አድቬንቸር ሞተር (ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የተሠራ ሞተር ሳይክል) ለአስፋልት ብቻ የምትነዱ፣ ፍጥነት ስትጨምሩ ሄልሜታችሁ እየተንቀጠቀጠ ጆሯችሁን ካደነቆረው ከሞተሩ ፊት የሚገጠም ረዘም ያለ የንፋስ መከላከያ ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ ቀጥ ባለና ጭር ባለ መንገድ ላይ፣ መርገጫው ላይ ለአፍታ ብድግ በሉ። ጭንቅላታችሁ ከፍ ሲል ጩኸቱ ከቀነሰ ጥፋተኛው መከላከያው ራሱ ነው። ንፋሱ የመከላከያውን ጠርዝ ሲያልፍ ይሽከረከራል፤ ሄልሜቱን የሚደበድበው ያ የተናወጠ ንፋስ ነው። ስለዚህ መከላከያውን ዝቅ አድርጉት። እኔ ጭራሽ ፈታሁት! ንፋሱ ደረት ይገፋል፣ ግን ወጥ ስለሆነ ጭንቅላት አይንጥም። ሄልሜቱ ላይ ያለችውን የፀሐይ ጥላም አውልቋት፤ በፍጥነት ስትሄዱ ንፋስ ይዛ አንገት ትጎትታለች። ዝናብና ብርድ ሲመጣ ግን መከላከያውን መልሱት።