የበሩን እግር አሳዩኝ፦ ከውጭ ሆኖ የእንጨት በር ለሚያስቀባ

ከውጭ ሆኖ ቤት የሚያሠራ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ሲሚንቶና ብረት ላይ ነው። በር ላይ ሲደርስ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ተሟጧል። «በቃ፣ ቡናማ ቀቡት» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ኮተቤ ያለው የእናቴ ቤት ሲታደስ አምስት የዋንዛ በሮች አሠራን። እኔ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ ሥራውን የምትከታተለው ታናሽ እህቴ ናት። በሮቹ በሐምሌ ተቀብተው ተሰቀሉ። በቴሌግራም የደረሰኝ ፎቶ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ደስ ብሎኝ ቀሪውን ክፍያ በዚያው ቀን ላክሁ። ነሐሴ ሳያልቅ የጓዳው በር አብጦ አልዘጋ አለ። አናጺው መጥቶ ጎኑን ላገው። የካቲት ላይ ደግሞ ያው በር ተሰብስቦ፣ በእሱና በመቃኑ መካከል እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። እህቴ በሩን አስወልቃ፣ አጋድማ፣ የታችኛውን ጠርዝ በቪዲዮ አሳየችኝ። ልክ ከመጋዝ እንደወጣ ነው። አንድ ጠብታ ቫርኒሽ አልነካውም።

ከዚያ ወዲህ ቤት ለሚያሠሩ ወዳጆቼ ሁሉ የምለው ይህንን ነው፦ የበሩን ፊት ማንም ያሳያችኋል። እናንተ እግሩን ጠይቁ።

እንጨት ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ በር ከሆነም በኋላ እርጥበት መሳብና መትፋት አያቆምም። በክረምት ይጠጣል፣ ያብጣል። በበጋ ይደርቃል፣ ይሰበሰባል። ከሁሉ በላይ የሚጠጣው ደግሞ በመጋዝ በተቆረጠው ጫፉ ነው። ዛፉ ውሃ ያሳልፍበት የነበረው ቀጫጭን ቧንቧ ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚገኘው እዚያ ነው። በር ላይ ይህ ጫፍ ያለው የግራና የቀኝ ቋሚዎቹ ራስና እግር ላይ ነው፤ ማለትም ማንም በማያየው ቦታ። ስለዚህ በርን ባለ ስድስት ገጽ አድርጋችሁ ቁጠሩት፦ ፊት፣ ጀርባ፣ ሁለት ጎን፣ ራስ፣ እግር። ስድስቱም መቀባት አለባቸው። ፊቱ ሦስት እጅ ተቀብቶ ጀርባው አንድ እጅ ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱ ወገኖች እርጥበት የሚስቡት እኩል ስላልሆነ በሩ ይጣመማል።

ሁለተኛው ስህተቴ ጊዜው ነበር። ብዙዎቻችን አገር ቤት የምንገባው ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የማያባራበት ጊዜ ማለት ነው። «እኔ እያለሁ ይጠናቀቅ» እያልን ባለሙያውን እናጣድፋለን። እርጥበት ያዘለ እንጨት ላይ ቫርኒሽ ሲደረብ ውሃው ውስጥ ይታፈንና በኋላ ቅቡን እየገፋ ያስነሳዋል። በኮምፕሬሰር የሚረጨው፣ ቶሎ የሚደርቀው ላከር የተባለ ቅብም በእርጥብ አየር ሲደርቅ ጉም የለበሰ ይመስል ይነጣል። ስለዚህ በክረምት ከመጣችሁ እንጨቱን ምረጡ፣ ቀለሙን ወስኑ፣ ውሉን ተፈራረሙ። ቅቡን ለጥቅምትና ለኅዳር ተዉት። ባዶው በር እስከዚያ ድረስ ደረቅ ክፍል ውስጥ ተጋድሞ ይቆይ፤ ግድግዳ ተደግፎ ከከረመ ይጎብጣል። ልስኑና የወለሉ ሲሚንቶ ያልደረቀ ቤት ውስጥማ በፍጹም አይግባ።

መድረቁን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ሁለት ሹል እግር ያላት ትንሽ የእንጨት እርጥበት መለኪያ አለች፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አትይዝም። ከ12 በመቶ በታች ካሳየች ቀቡ፣ ከ15 በላይ ከሆነ ጠብቁ። መለኪያዋ ከሌለች በሩን በየሳምንቱ ሚዛን ላይ አውጡት። ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ገና እየደረቀ ነው። ከዚህ ይዛችሁ መሄድ የምትችሉት ሌላ ነገር ጥሩ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ለቀቢው የሚሆን ደህና የጋዝ ማስክ ነው። ቫርኒሽና ቲነር ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀዱም። እነሱን ከዚያው ግዙ።

ባዶ በር ማሠራት ራሱ ጥቅም አለው። ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነበር፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ናቸው። ዋንዛ ውድ ነው። ውድ ስለሆነም ሌላ እንጨት በጥቁር ቡናማ ስቴይን (መስመሩን ሳይሸፍን እንጨቱ ውስጥ የሚሰርግ ማቅለሚያ) ተቀብቶ ዋንዛ ተብሎ ይሸጣል። ከተቀባ በኋላ በፎቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ «ሳይቀባ ልየው» በሉ። አገር ቤት እንጨት የሚያውቅ አጎት ወይም ጎረቤት ካላችሁ ይዳስስላችሁ።

ስቴይን ይሻላል ቀለም? እንጨቱን አይታችሁ ወስኑ። ዋንዛ ከሆነ፣ መስመሩ የሚያምር ከሆነ፣ በቀለም መሸፈኑ ያሳዝናል፤ ስቴይንና ቫርኒሽ ይገባዋል። እንጨቱ ጉጥ የበዛበት፣ በስቱኮ (በቀዳዳ መሙያ) የተለጣጠፈ፣ ከተለያየ ዛፍ የተገጣጠመ ከሆነ ግን ያለምንም ቅሬታ ቀለም ቀቡት። ስቱኮና ኮላ ስቴይን አይጠጡም። መገጣጠሚያው ላይ ተርፎ የደረቀ ኮላ በባዶው እንጨት ላይ አይታይም፤ ስቴይን ሲነካው ግን ነጭ ጠባሳ ሆኖ ይወጣል። በሰጋቱራና በኮላ የተደፈነ ቀዳዳም እንዲሁ።

በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚመታው በር ሲሆን ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ትጠብሳለች። ቀለም አልባ ቫርኒሽ ብርሃኑን ስለሚያሳልፍ እንጨቱ ከሥሩ ይጎዳና ቫርኒሹ እንደ ቆዳ ይላጣል። ለውጭ በር ለውጭ ተብሎ የተሠራ፣ ፀሐይ መከላከያ ያለው ቫርኒሽ ይገዛ። ከሁሉም የበለጠ የሚቆየው ግን የዘይት ቀለም ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚረጨው ላከር ለውጭ አይሆንም፤ ይሰነጣጠቃል።

አንድ የማትረሱት ነገር ልንገራችሁ። ባለ ሳንቃ በር ከሆነ፣ መሃል የሚገቡት ሳንቃዎች ከመገጠማቸው በፊት ስቴይን ይቀቡ። ሳንቃው በክፈፉ ቦይ ውስጥ ልቅ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ በክረምት ሰፍቶ በበጋ ይጠባል። ተገጥሞ ከተቀባ፣ በጥር ወር ሲጠብ ተደብቆ የነበረው ያልተቀባ ጠርዝ እንደ ነጭ ክር ዙሪያውን ብቅ ይላል። የእናቴ ሳሎን በር ላይ ያ ነጭ ክር ዛሬም አለ።

አሠራሩን በስልክ ስትነጋገሩ ይህንን ያዙ። ብርጭቆ ወረቀቱ ከ80 ቁጥር ጀምሮ፣ በ120 አልፎ፣ 150 ወይም 180 ላይ ያብቃ፤ ሁልጊዜም በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ። ከዚያ በላይ ካለሰለሱት ስቴይኑ አይገባም። ስቴይን ተቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና ትርፉ በጨርቅ ይጠረግ። ዘይት ያለበት ስቴይን የተጠረገበት ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ላይ አይጣል፤ ራሱ ሙቀት ፈጥሮ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ። ሰው የማያድርበት ቤት ከሆነ ይህንን ደጋግማችሁ ተናገሩ። ቫርኒሹ ሦስት እጅ ይሁን፤ በየመካከሉ በስሱ ይለስልስ፣ አቧራው ይጠረግ። ቅቡ ከመጀመሩ በፊት በሩ አንዴ ተሰቅሎ ይለካ። ቁልፉና ማጠፊያው የሚገቡበት ተቦርቡሮ ይለቅና በሩ ወርዶ ይቀባ። ቀለም ከሆነ የመጀመሪያው እጅ ፕራይመር ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ የሊድ (መርዛማው የእርሳስ ማዕድን) መጠኑን ይመልከቱላችሁ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን ከሚሊዮን 90 ክፍል ነው።

የስቴይን ቀለም በስልክ ስክሪን አይመረጥም። የእኔ ስልክ ቀይ ያደረገውን የእህቴ ስልክ ቡናማ ያሳያል። በሮቹን እንደገና ባስቀባሁበት በሁለተኛው ዙር ከዚያው በር ከተረፈው እንጨት ሦስት ቁራጭ አስቀብቼ፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ በሚመጣ ሰው አስላክሁ። መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ሳምንት አየኋቸው። «ቁጥር 2» ብዬ ደወልኩ። አለቀ።

አሁን ሒሳቡ። 90 በ210 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር ስድስቱ ገጽ ሲደመር 4 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት እጅ ሲሆን 12 ካሬ። አንድ ሊትር 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል። መቃኑንና ባዶው እንጨት አብዝቶ የሚጠጣውን ጨምሩና ለአንድ በር አንድ ሊትር ተኩል ያዙ። አራት ሊትር ያህል የሚይዘው ጋሎን ሁለት በር አዳርሶ ለሦስተኛው ይተርፋል። ለአንድ በር ሁለት ጋሎን ሒሳብ ከመጣላችሁ ጠይቁ። በጣም ያነሰ ከመጣም ጠይቁ፤ ወይ እጁ ጎድሏል ወይ ቫርኒሹ በነጭ ጋዝ ቀጥኗል። እኔ ዕቃውን በእህቴ በኩል አስገዝቼ ለባለሙያው የእጅ ዋጋ ብቻ መክፈሉን መርጫለሁ። ቆርቆሮው ሳይከፈት ክዳኑ ፎቶ ይነሳ።

ለዚህ ሥራ ውክልና አያስፈልግም። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ የእንጨቱ ዓይነት፣ የቫርኒሹ ስም፣ ስንት እጅ፣ «ስድስቱም ገጽ» የሚል ቃል፣ የክፍያው አከፋፈል። ክፍያውን በሦስት ክፈሉት። አንደኛው ሥራው ሲጀመር፣ ሁለተኛው ተለስልሶ አልቆ ስቴይን ሲነካ፣ ሦስተኛው በሩ ከመሰቀሉ በፊት ስድስቱም ገጽ ሲታይ። ከተሰቀለ በኋላ እግሩን ማየት አይቻልም።

ለቪዲዮው የአዲስ አበባን 10 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ምረጡ። ዋሽንግተን አካባቢ ላለን ያኔ ጠዋት ነው፤ እዚያ ደግሞ ፀሐይዋ ተጋድማ ከጎን ትገባለች። ከፊት ለፊት ያልታየ ጭረትና የብሩሽ ዱካ በጎን ብርሃን ይጋለጣል። ከመሸ የስልክ መብራት ወደ በሩ አስጠግቶ ከጎን ማብራት ነው። ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላኩላችሁ፤ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።

በሁለተኛው ዙር የሠሩልን ሌላ፣ በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ነበሩ። በሩን ለመስቀል ሲያነሱት ቪዲዮ ላይ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ አጋድመው እግሩን ያሳዩኝ።»

«ልጄ፣ እሱን ማን ያየዋል?»

«እኔ ልየው።»

አጋደሙት። ሁለት እጅ ብቻ ነበር የተቀባው። ምንም ሳይሉ ብሩሹን አንስተው ሦስተኛውን ደገሙት፤ በሩም በማግስቱ ተሰቀለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በዓመት አንዴ ነው። መስቀል ሲያልፍ ቤቱን የሚጠብቅላችሁ ሰው በሮቹ ታችኛው ክፍል ላይ ጥቂት ውሃ ያንጠባጥብ። ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከወረደ ደህና ነው። ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው፣ ቅቡ መላጥ ሳይጀምር በስሱ ለስልሶ አንድ እጅ መደረብ ነው። ለዚያ የሚሆን ቫርኒሽ ከመጀመሪያው ጋሎን ይቆጠብ፤ ክዳኑ ጠብቆ ይዘጋ፣ ላዩ ላይ የየትኛው በር እንደሆነና የተቀባበት ወር ይጻፍበት።